ለፍየሏ የቀጠልንላት አራተኛ እግር

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ገብታችሁ «የእግር ቀጣይዋ ቤት የት ነው?» ብትሉ ልጅ አዋቂው በጣቱ ያሳያችኋል። በቀደም አንድ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት የከባድ መኪና ሾፌር ወጌሻ መስላው እያነከሰ ሄዶ በሯን አንኳኳ። የውብዳር ከፈተችለት። ሰውዬው ወንበር ስቦ እግሩን ሲዘረጋላት ነው ነገሩ የገባት።

«ተሳስተሃል ወንድሜ» አለችው። «እኔ የምቀጥለው የፍየል ነው። እሱም አልያዘልኝም።»

ቀዝቃዛ ውሃ አጠጥታ ሸኘችው። ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ግን አፌ መረረኝ። ለምን እንደመረረኝ ነው የምጽፈው።

ስሙን ያወጣንላት እኛው ነን። እኛ ማለት ጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ «በሰው አገር ስማችን እንዳይጠፋ» እያልን የምንጨነቀው። ስማችን እንዳይጠፋ ብለን የሰው ስም ስናጠፋ ግን አንጨነቅም። ነገሩ ከሆነ ሰባት ዓመት አለፈው። ሁሉም እንደ ቀልድ ያወራዋል፣ ሁሉም ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔና እሷ ነን። እሷ ደግሞ አትናገርም።

የውብዳር የድሬዳዋ ልጅ ናት። በ1998 በባቡር መጣች፤ ዓመቱን በፈረንጅ የምጽፈው የወደብ ወረቀት ሲሞላ የኖረ እጅ ሌላ ስለማይቀናው ነው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ሐሳቧም እንደ ብዙዎቹ ማለፍ ነበር፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያም ወዲያ። አላለፈችም። ኤሮን ሰፈር አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ የቤት ሥራ አገኘችና እዚያው ቀረች።

የቤቱ ማዳም በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በውሃ ቀለም ወፍ ትሥላለች። የውብዳር ብሩሹን ታጥባለች። ትምህርቷ የተጀመረው ከእጥበቱ ነው። ቀለም ከብሩሽ ሲወጣ መጀመሪያ እንዴት እንደሚወፍር፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሳሳ፣ መጨረሻ ላይ ውሃው ብቻውን እንዴት እንደሚቀር እያየች ሁለት ዓመት አጠበች። አንድ ቀን ማዳም የዱቄት ካርቶን ጀርባ ላይ የተሣለች ድመት አገኘች። ማናት የሣለችው ብላ አልጠየቀችም፤ ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ? በማግስቱ በረንዳው ላይ ሁለተኛ ወንበር ወጣ። በ2003 ቤተሰቡ አገሩ ሲመለስ፣ ግማሹ ያለቀ የቀለም ሳጥንና ስድስት ብሩሽ ለየውብዳር ተረፈ።

በዓመቱ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ማስተማር ጀመረች። ዓርብ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት፤ የሙስሊሞቹ ልጆች ለጁምዓ ሰዓት እንዲደርሱ። መጀመሪያ አምስት ነበሩ፣ በተከራየችው ክፍል ኮሪደር ላይ። በኋላ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አዳራሹን ሰጣት። እኔ ያኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድትመርቁኝ አይደለም።

የምታስተምረው እንስሳ ብቻ ነው። ቤትና አበባ የለም። «አበባ ጅቡቲ የት አለና!» ትላለች። ቴዎ የሚባል አንድ ነገረኛ ልጅ ነበር፣ ዘወትር አንበሳ ካልሣልኩ የሚል።

«አንበሳ የት አየህ?»

«ቴሌቪዥን ላይ።»

«ቴሌቪዥን ሣላ እንግዲያው።»

ሣለ። ቴሌቪዥኑን ከነሽቦው። እሷም አደነቀችለት።

እንስሳ ከሆዱ ነው የሚጀመረው፣ ከራሱ አይደለም። ከራስ የጀመረ ወረቀት ያልቅበትና እግር የሌላት አህያ ይዞ ይቀራል። ሳጥኑ ውስጥ ነጭ ቀለም የለም፤ ነጩ ያልነካችሁት ወረቀት ነው፣ የነካችሁትን ደግሞ አትመልሱትም። ሙቀቱ ቀለሙን ቶሎ እንዳያደርቀው ከወረቀቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። የውሃው ነገርማ ሌላ ነው። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ጨው አለው። በእሱ የሣላችሁት ሲደርቅ ቀለሙ ላይ ጨው ያወጣል፣ ነጫጭ ፍንጣቂ ሆኖ ያብለጨልጫል። ስለዚህ ልጆቹ ጠርሙስ ይዘው በየፋርማሲውና በየሱቁ ጓሮ ይዞራሉ። ከአየር ማቀዝቀዣው፣ እዚህ ክሊም ከምንለው፣ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ያጠራቅማሉ። እሱ ጨው የለውም። አንድ ጋን ነበራቸው። የቧንቧ ውሃ እዚያ ጋን ውስጥ ያስገባ ልጅ እንደ ወንጀለኛ ነው የሚታየው።

ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ ነበራት። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት በአንድ ድምፅ ይሉታል፤ «ዓይን ያላየውን እጅ አይጨምርም!»

ይቺ ሕግ የአዳራሽ መፈክር ብቻ አልነበረችም። ሌ ካይስ ገበያ ሻሽ የምትሸጥ መፍቱሀ የምትባል የሐረር ሴት አለች። ልጇ ራህመት ልሂድ ብላ ስታስቸግራት እናቲቱ ራሷ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እትዬ የውብዳር፣ አትቀየሚኝ» አለች። «አባቴ ነፍስ ያለው ነገር የሣለ ሰው በቂያማ ቀን ‹በል ነፍስ ዝራበት› ይባላል ይሉን ነበር። ልጄን እዚህ ውስጥ አላስገባትም።»

የውብዳር ብሩሹን አስቀመጠች። «ልጅሽ ከራሷ አንዲት ነገር አትጨምርም» አለቻት። «አላህ የሠራውን አይታ የምትመሰክር ብቻ ናት። ለዚህ እኔ ቃሌን እሰጥሻለሁ።»

«ምስክር?»

«ምስክር።»

መፍቱሀ ልጇን ሰጠቻት። ሁሉም ሼኽ ይህን ይቀበል አይቀበል እኔ አላውቅም፣ ሃይማኖት አላስተምርም። የማውቀው ቃል እንደተሰጠ ነው።

ራህመት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዝምተኛ ናት። አንድ ነገር ለመሣል ሦስት ዓርብ ትፈጃለች፤ እስክትጨርስ ሌላው አምስት ድመት ሥሎ ይጣላል።

በ2010 ግንቦት ላይ ሊቀ መንበራችን ጋሽ ገብረማርያም ስብሰባ ላይ አንድ ነገር አመጡ። የማኅበሩ የሠርግና የልቅሶ ወንበሮች ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየበላቸው ነው፤ አዳራሹ መጋዘን ይሁን አሉ።

«ልጆቹስ?» አለች የውብዳር።

«ልጆቹማ ቤታቸው ይሣሉ። ወንበር ቤት የለውም።»

ሰው ሳቀ። እኔ ተነሥቼ ጮህኩ። መጮህ አይቸግረኝም፣ ሰዉም ያውቀኛል። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ አንድ ዓርብ የልጆቹ ሥዕል ይሰቀል፣ እንግዶች ይጠሩ፣ ትልልቆቹ የጭነት ነጋዴዎች ይምጡ፣ ሁለት ፈረንሳዊ መምህራንም ይኑሩ። ታይቶ «ይኑር» ከተባለ ይኖራል፤ ካልተባለ ወንበሮቹ ይገባሉ።

ስንወጣ ጋሽ ገብረማርያም ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «አደራ ጎሳዬ፣ በፈረንጅ ፊት እንዳታሳፍሩን» አሉኝ። እዚህ ላይ ነው የተበላሸሁት። ማንንም የማልፈራ ሰውዬ፣ «እንዳታሳፍሩን» የምትለዋ ቃል ውስጤ ገባች።

ሐሙስ ቀትር ላይ አዳራሹ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጫት ደርሶ ከተማው ጉንጩን ሞልቶ የተቀመጠበት ሰዓት ነው፤ መንገድ ላይ ድመት እንኳ የለም። መብራት ጠፍቷል። ሥዕሎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ እኔ የልጆቹን ስምና ዕድሜ በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ እለጥፋለሁ። የራህመት ፍየል ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ፍየሏ ካርቶን ትበላለች፣ እንደ ጅቡቲ ፍየል ሁሉ። ሆዷ፣ ጀርባዋ፣ ያቺ ንቀት የሞላባት ዓይኗ ሳይቀር ልክ ነበር። ወደ ኋላ ግን አንዱ እግር የለም። ቦታው ነጭ ወረቀት ነው።

«የውቤ፣ ይቺ ፍየል እግር ጎደላት እኮ።»

መጥታ አየችው። ብዙ አየችው። «ረስታው ይሆናል። ሰዓት አልቆባት ይሆናል። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ነው…»

«ነገ ጋሽ ገብረማርያም እግር ቆጥሮ ነው የሚወጣው። ‹አንካሳ ፍየል ያስተምራሉ› ሊል ነው። በይ ነካ አድርጊው።»

«የልጅ ሥራ አልነካም።»

«እንግዲያው አይሰቀል። አንሺው።»

«የራህመት ሳይሰቀል? ከሁሉም የእሷ ሳይሰቀል?»

«ታዲያ ምን ይሁን? አንዲት እግር ናት! አንዲት መስመር! ለአንዲት መስመር አዳራሹን ልትሰጫቸው ነው?»

«ልጅቷን ልጥራትና እሷው ትጨርሰው» አለች። ገበያ ድረስ በዚያ ፀሐይ ማን ይሄዳል አልኳት። ልጅቷን ብንጠራት ኖሮ በአንድ ቃል ባለቀ። አልጠራናትም። የልጅ ሥራ ሲጎድል ልጁን መጠየቅ የሚባል ነገር ከየት እንማረዋለን? እኛን ማን ጠይቆን ያውቃል?

ብሩሹን አነሣች። ጋኑ ባዶ ነበር። መብራት ስለሌለ ክሊሞቹም አይንጠባጠቡም።

«ውሃ የለም» አለች፤ አሁን ሳስበው በደስታ ነበር ያለችው።

«አመጣልሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። የግቢውን ቧንቧ ከፍቼ በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁና ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ከየት ነው?»

«ከቧንቧ ነዋ! ለአንዲት እግር ከኤሮን ላስመጣልሽ?»

ብርጭቆውን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ነከረችና ሣለችው። ሦስት ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም። አስቀያሚ ቢሆን እንዴት ደግ ነበር! የሚያምር እግር ነበር። ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ሰኮናው፤ ልጅቷ ከሣለቻቸው ከሦስቱ ይበልጥ እግር ይመስል ነበር። ብሩሹን ሳታጥብ አስቀመጠችው። የውብዳር ብሩሽ ሳታጥብ ስትሄድ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

እኔ «ራህመት፣ 9 ዓመት» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ለጠፍኩበት።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ገብረማርያም በከዘራቸው እያመለከቱ እንግዶቹን ያዞራሉ። ፍየሏ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። 

«እዩልኝ እስቲ!» አሉ። «እግሯን እዩት! አጥንቱ ሁሉ ይታያል እኮ! የማን ልጅ ናት?»

የከዘራው ጫፍ ያረፈው በየትኛው እግር ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ራህመትን ወደ ፊት ገፋ ገፋ አደረጓት። ልጅቷ ሥዕሉን አየችው። ጠጋ ብላ እንደገና አየችው።

«እሱ የኔ አይደለም» አለች።

«ምኑ፣ የኔ ልጅ?»

«እግሩ። ባቡር ሦስት ናት።»

«ባቡር ደግሞ ከየት መጣ?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ራህመት አልሳቀችም። ጣቷን አንሥታ ወረቀቱን ዳሰሰችው። «የቧንቧ ውሃ ነው» አለች። «ጨው አውጥቷል። ሌላው አላወጣም። እዩት።»

እውነቷን ነው። ሌሊቱን ደርቆ እግሩ ላይ ብቻ ነጫጭ ፍንጣቂ ወጥቶ ያብለጨልጭ ነበር። ልጆቹ ሁሉ አዩት፤ የጋኑን ሕግ ያውቃሉ፣ ገባቸው። አዋቂዎቹ ምንም አላዩም። ሁሉም ዞሮ የውብዳርን አየ።

እሷ እኔን አላየችም። እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ፤ እስክሪብቶዬ በእጄ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። በየስብሰባው የምጮኸው ሰውዬ ጎንበስ ብዬ የስም ወረቀቱን ማስተካከል ያዝኩ።

«ልጅ ናት» አለች የውብዳር። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሰው ሲበዛባት አፍራ ነው። እሷው ናት የሣለችው።»

ራህመት አስተማሪዋን ቀና ብላ አየቻት። በዚያ ዓይን ውስጥ ንዴት ቢኖር እሸከመው ነበር። የነበረው ግራ መጋባት ነው። ሰው መሬቱን ረግጦ መሬቱ ሲከዳው የሚያይበት ዓይን።

መፍቱሀ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣች። ፊቷ በእፍረት ቀልቷል። «ራህመት» አለች፣ «በእንግዳ ፊት ይዋሻል? ይቅርታ በያቸው።»

ልጅቷ ዓይኗን ከሥዕሉ አልነቀለችም።

«በያቸው ነው የምልሽ።»

«ይቅርታ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ዋሽቼ ነው።»

ተጨበጨበላት! ፈረንሳዮቹ የሆነው ነገር ሳይገባቸው፣ የእኛዎቹ ደግሞ «ጎሽ፣ ጨዋ ልጅ» እያሉ። ጋሽ ገብረማርያም እዚያው ላይ «ይኑር!» አሉ። አዳራሹ ተገኘ። እውነት ተናግራ ይቅርታ የጠየቀች ልጅ ገዛችልን።

በሚቀጥለው ዓርብ ራህመት አልመጣችም። የመጡትም ልጆች ሌሎች ሆነው ነው የመጡት። ሀና የምትባለዋ ሥዕሏን ሳይደርቅ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ቴዎ ደግሞ ስሙን በትልልቅ ፊደል ድመቷ ሆድ ላይ ጻፈ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለችው የውብዳር።

«ማንም እንዳይጨምርበት» አለ። ነገረኛ ነው አልኳችሁ።

ሰኞ ዕለት የውብዳር ከምትሠራበት ቤት ስትወጣ፣ ራህመት ወደምትኖርበት ጠባብ መንገድ ገባች። ፍየሏን ለማግኘት አልተቸገረችም። ኤዶ ሀዋ የሚባሉ ሶማሊ አሮጊት ደጃፍ ላይ ካርቶን ትበላለች። የኋላ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆርጧል። ልጆች «ባቡር! ባቡር!» ሲሏት እየዘለለች ትመጣለች።

«ምን አገኛት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ኤዶ ሀዋ አማርኛ ይችላሉ፣ ገበያ ያስተማራቸው አማርኛ። «ትልቅ መኪና» አሉ። «የዶራሌ መንገድ፣ የወደቡ። ታርጋ የናንተ። አልቆመም።»

«ለምን ባቡር ተባለች?»

«እንደ ድሬዳዋ ባቡር ናት። ሁሉም ቦታ ትቆማለች፣ ሁሉም ቦታ ትተኛለች።» ሳቁ። «ግን ትደርሳለች።»

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በዚያው ምሽት መጀመሪያ ላይ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው። «ሦስት ዓርብ ሙሉ ያን ባዶ ቦታ ስትጠብቀው ነበር እኮ» አለችኝ። «ቀለም እንዳይነካው። እኔ ነኝ ያልተነካው ነጭ ነው ብዬ ያስተማርኳት። እኔው ነካሁት።»

«አዳራሹን አገኘሽ፣ ተይው አሁን። ልጅ ይረሳል።»

«አንተ ረሳህ?»

አልረሳሁም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ያልሰረቅሁትን ሰርቀሃል ተብዬ ከትምህርት ቤት የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ያወቅሁትን ሁሉ ከዚያ ወዲያ ከጋዜጣ ቁራጭና ከወደብ ወረቀት ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። ይህን የነገርኳት ራሴ ነበርኩ። ነገሩ እውነት ስለነበረ ተናደድኩባትና ተነሥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ የውብዳር ወደ መፍቱሀ ሱቅ ሄደች። ሻሽ ሊገዛ የቆመ ሰው እስኪሄድ ጠብቃ ሁሉንም ተናገረች። እግሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አለች። መፍቱሀ ሻሽ እያጠፈች ሰማቻት። አንዱን አጥፋ ሌላ አነሣች።

«አንዲት ነገር አይጨመርም ብለሽኝ ነበር» አለች።

«ብዬሽ ነበር።»

«አላህ የቆረጠውን እግር አንቺ ቀጠልሽ። እሱን ሒሳብ ከጌታሽ ጋር ተወራረጂ። ልጄን ግን በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ውሸታም ያልኳት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ። አሁን እዚህ ሻሽ መሀል መጥተሽ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ለሷ ምን ይሠራላታል?»

«ምን ላድርግ?»

«የጣልሽበት ቦታ ሄደሽ አንሺያት።»

የጠቅላላ ጉባኤው ቀን ዓርብ ከሰዓት ነበር። የውብዳር አጀንዳ አስይዝልኝ ስትለኝ ለመንኳት። ወንበሮቹ ይገባሉ አልኳት። ልጆቹ ይበተናሉ፣ መሳቂያ ትሆኛለሽ፣ ለአንዲት ልጅ ብለሽ አሥራ ሦስቱን አልኳት። «አሥራ ሦስቱም ያዩት እኮ ያቺን አንዷን ነው» አለች። አጀንዳውን ጻፍኩ። «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር፣ በደቃቃ ፊደል።

ራህመት ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። የውብዳር ተራዋ ሲደርስ ቆመች። ሥዕሉን ይዛው ነበር። ንግግር አላዘጋጀችም።

«ራህመት አልዋሸችም» አለች። «ፍየሏ እግሯ ሦስት ነው፣ ሄጄ አይቻታለሁ። አራተኛውን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ በቧንቧ ውሃ፣ ልክ እንዳለችው። እዚህ ቆሜ አልሣልኩም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ እሷን አስጠየቅኋት። ራህመት፣ ይቅርታ።»

 ወዲያው ከኋላ አንዱ «እግር ቀጣይ!» አለና ሳቅ ሆነ። ስሙ የዚያን ሰዓት ወጣ።

ጋሽ ገብረማርያም ከዘራቸውን መታ አደረጉ። «በፈረንጅ ፊት ማኅበሩን ነው ያዋረድሽው። ብቻሽን ነው ያደረግሽው?»

ጉባኤው በሙሉ ጠበቀ። እኔ ከሊቀ መንበሩ ጎን፣ መዝገቡ ፊቴ ተዘርግቶ። ቀና አላልኩም።

«ብሩሹ በኔ እጅ ነበር» አለች።

«ጻፍ ጎሳዬ» አሉኝ።

ጻፍኩ። «ወይዘሪት የውብዳር ድርጊቱን ብቻቸውን መፈጸማቸውን በጉባኤው ፊት አመኑ።» እሷ ብቻዬን አላለችም። «ብቻቸውን» የምትለዋን ቃል የጨመርኳት እኔ ነኝ። ዓይኔ ያላየውን እጄ ጨመረ።

መፍቱሀ ተነሣች። የልጇን እጅ ይዛ ወደ ሰዉ ዞረች። «ሰማችሁ?» አለች። «ሁላችሁም ሰማችሁ አይደል?» ሌላ ምንም ሳትል ይዛት ወጣች። ራህመት በሩ ጋ ስትደርስ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር።

ወንበሮቹ በሳምንቱ ገቡ። ትምህርቱ ወደ ኤዶ ሀዋ ግድግዳ ጥላ ሥር ሄደ፣ የቀሩት ልጆች አምስት ነበሩ። በሦስተኛው ዓርብ ራህመት ብቻዋን መጣች። የራሷን የውሃ ጠርሙስ ይዛ ነበር፤ በእግሮቿ መሀል አስቀመጠችውና «ይሄ የኔ ነው» አለች። የውብዳር ያን እግር ለማጥፋት በእርጥብ ስፖንጅ ስትፈትግ አገኘቻት። ቡናማው ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል፣ ወረቀቱ መላጥ ጀምሯል።

«ተይው እትዬ» አለች። «ትቀደዳለች።»

ሥዕሉ እንደዚያው ቀረ፣ ሦስት እግርና አንድ የተፋቀ ጥላ። እስከ ረመዳን ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ከኢድ በኋላ ግን ልጅቷ ጠርሙሷን ከሌሎቹ ጠርሙሶች ጋር አስቀመጠችው።

ይኸው ዘንድሮ 2017 ነው። አዲሱ ባቡር ሥራ ጀምሯል፤ የትም አይተኛም ይላሉ። ፍየሏ ሞታለች። የውብዳር ዛሬም ዓርብ ዓርብ ግድግዳው ሥር ናት። ራህመት አሥራ ስድስት ሞላት፤ ትንንሾቹን የምታስጀምራቸው እሷ ናት፣ ከሆዳቸው።

ባለፈው ወር ለእናቷ ማመልከቻ ልጽፍላት ሱቁ ሄጄ ሻይ አቀረበችልኝ። በብርጭቆ። እጄ ላይ ሳታደርሰው ያዝ አደረገችና፣

«ጋሽ ጎሳዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እትዬ የቧንቧ ውሃ ነክታ አታውቅም። እጇ እንኳ አይሄድላትም። ያን ጊዜ ውሃውን ማን አመጣላት?»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በየጋዜጣው ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሚኒስትር እሞግታለሁ፣ ሐሰተኛን ሐሰተኛ እላለሁ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

ሻዩን ሰጠችኝ። ጠጣሁት ደግሞ!

ስለዚህ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይታረም። እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ሐሙስ ቀትር አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበርን። የውብዳር አልነካም ብላለች፣ ልጅቷን ልጥራ ብላለች፣ ውሃ የለም ብላለች። «ብቻቸውን» የምትለዋ ቃል ውሸት ናት፤ የእጅ ጽሑፉም የኔ ነው። ነገ ዓርብ ነው፤ ይህን ወረቀት መጀመሪያ የሚያነበው ማኅበሩ ሳይሆን ራህመት ናት፣ እዚያው ግድግዳው ሥር፣ ልጆቹ ባሉበት።

ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከግቢው ቧንቧ፣ በሻይ ብርጭቆ።